የአኳሪየም ዓሣ ጣና ውስጥ አይደፋም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። የዘወትር አንባቢያችሁ ነኝ። ደብዳቤ ስጽፍላችሁ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ነገሩ ለሰሚው ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ለእኔ ግን ትንሽ አይደለም።

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ እሁድ ጠዋት፣ እንደ ልማዴ በሐይቁ ዳር ወክ እያደረግኩ ነበር። ደንገሉ ገለጥ ባለበት፣ ሰው እስከ ውሃው በሚወርድበት ቦታ፣ አንድ ወጣት የቀለም ባልዲ ይዞ ቁጢጥ ብሏል። ዓሣ የሚያጠምድ መስሎኝ ነበር። ጠጋ ስል ባልዲው ውስጥ ደማቅ ነገር ሲንቀሳቀስ አየሁ። አምስት ዓሣዎች ናቸው። ሦስቱ እንደ እርድ ቢጫ ሆነው የጀርባ ክንፋቸው ላይ ጥቁር መስመር አላቸው። አራተኛዋ ወርቃማ ሆና ጥቁር መስመር ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ተሰምሮባታል። አምስተኛው የእሷ ተገላቢጦሽ ነው፤ ገላው የጠቆረ፣ መስመሩ ፈዛዛ። ከቢጫዎቹ የአንዷ ጭራ ተበልቶ ግማሹ ብቻ ቀርቷል።

«ምን ልታደርጋቸው ነው?» አልኩት።

«ጋሼ፣ አስራ ሁለት ነበሩ፤ እርስ በርስ ተፋጅተው አለቁ። ከሚያልቁ ነፃ ልልቀቃቸው ብዬ ነው።»

ልጁ ክፉ ልብ የለውም። ይህን አስቀድሜ መናገር እፈልጋለሁ። ከኪሱ አውጥቶ ገዝቷቸዋል፣ ሲሞቱበት አዝኗል፣ የቀሩትን ለማትረፍ ነው ጣና ድረስ ተሸክሞ የመጣው። የሸጠለት ሰው «ጠንካራ ዓሣ ነው፣ ምንም አይሆንም» ብሎት አስራ ሁለቱን ሃያ ሊትር በማይሞላ ገንዳ ውስጥ ጨምሮ ሰጠው። በቃ፣ ከዚያ በላይ የነገረው ሰው የለም። ባልዲውን ስጠኝ ስለው ደስ ብሎት ሰጠኝ። ዓሣዎቹ አሁን እኔ ቤት ናቸው።

የምጽፈው ግን ስለ እሱ ብቻ ብዬ አይደለም። ከተማችን ውስጥ አኳሪየም የሚያስገባው ሰው እየበዛ ነው። ካፌው፣ ፀጉር ቤቱ፣ የሰው ሳሎን። ደስ ይለኛል፣ እኔም ዓሣ ማሳደግ ከጀመርኩ አስራ አንድ ዓመት አልፎኛል። ግን የሰለቸው፣ ቤት የቀየረ፣ ዓሣ የተባላበት ሁሉ የመጀመሪያ ሐሳቡ «ሐይቁ አጠገባችን ነው» ከሆነ ነገሩ ያስፈራል።

አባቴ በደንገል ታንኳ ዓሣ እያሰገረ ነው ያሳደገን። ልጅ ሆኜ አንድ ቀን መረቡን ሲያወጣ አንዲት ቆሮሶ ይዛ ወጣች። አባቴ በእጁ ያዛትና አፏን በአውራ ጣቱ ቀስ ብሎ ከፈተው። ውሃ በያዘ ግማሽ ቅል ላይ ዘንበል ሲያደርጋት ከአፏ እንቁላል ተንጠባጠበ፤ ከዳጉሳ ፍሬ ተለቅ ያለ፣ ቢጫ ወደ ቡናማ የሚሄድ። አፏን የሞላው እሱ ነበር። «ይቺ እናት ናት» አለኝ። እንቁላሉን ከነውሃው ወደ ሐይቁ መለሰው፣ እሷንም ለቀቃት። ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር። የእኛ ቆሮሶ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ታቅፋ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቿ ከወጡም በኋላ አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ።

በባልዲው ውስጥ የነበሩት ዓሣዎች የቆሮሶ የሩቅ ዘመዶች ናቸው። ሁሉም ሲክሊድ ከሚባለው ቤተሰብ ነው። የእነዚህ አገር ግን ማላዊ ሐይቅ ነው። ከእኛ በስተደቡብ ርቆ፣ በማላዊ፣ በሞዛምቢክና በታንዛኒያ መካከል የተዘረጋ ሐይቅ ነው። ርዝመቱ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን ጥልቀቱ 700 ሜትር ይደርሳል። ጣና በጥልቁ ቦታ 15 ሜትር ቢሆን ነው። ማላዊ ሐይቅ ውስጥ ከ800 በላይ የሲክሊድ ዝርያ አለ ይባላል፤ አብዛኛው በዓለም ሌላ ቦታ የለም። ከእነዚህ ውስጥ በድንጋይ መካከል የሚኖሩትን የአገሬው የቶንጋ ሰዎች «ምቡና» ይሏቸዋል፤ የድንጋይ ዓሣ እንደ ማለት ነው።

ስማቸው ኑሯቸው ነው። ምቡና ከድንጋዩ አይለይም። ድንጋዩ ላይ የሚያድገውን አረንጓዴ ልባስ፣ አልጌውንም በውስጡ የተደበቁትን ጥቃቅን ነፍሳትም፣ በጥርሱ እየፋቀ ይበላል። ጥርሱ በረድፍ በረድፍ የተደረደረ ነው፤ ቀረብ ብላችሁ ስታዩት ሞረድ ይመስላል። በሁለት የድንጋይ ክምር መካከል ሰፊ አሸዋ ካለ ደፍሮ አያቋርጥም። ስለዚህ እያንዳንዱ የድንጋይ ክምር ለብቻው እንዳለ መንደር ነው፤ እዚህኛው ላይ ያለው ዓሣ ሰማያዊ ሲሆን ጥቂት ኪሎ ሜትር አለፍ ብሎ ያለው ዘመዱ ሌላ ቀለም ይይዛል። ቢጫዎቹ ራሳቸው ጥሩ ምሳሌ ናቸው። በሳይንስ ስማቸው ላቢዶክሮሚስ ካይሩሊየስ ይባላሉ፤ «ካይሩሊየስ» ደግሞ ሰማያዊ ማለት ነው። ዓሣው በ1956 እ.ኤ.አ. ስም ሲወጣለት የተገኘው ነጣ ብሎ ሰማያዊ የሆነው ዓይነት ነበር። ቢጫው የመጣው በሐይቁ ሰሜን ምዕራብ ዳር፣ ላየንስ ኮቭ ከሚባለው አካባቢ ነው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በየሳሎኑ የሚታየው እሱ ነው።

ወርቃማዋና ጥቁሩ ደግሞ ሁለት ዓይነት ዓሣ ይመስላሉ እንጂ አንድ ናቸው። ሜላኖክሮሚስ አውራተስ ይባላሉ። ወርቃማዋ ሴቷ ናት። ወንዱም ትንሽ ሳለ እሷን ይመስላል፤ ጎልምሶ የበላይነቱን ሲይዝ ነው የሚጠቁረው። እሱ ነው ሰባቱን የጨረሰው። በተፈጥሮው ሐይቁ ውስጥ ወንድ ምቡና የራሱ ድንጋይ አለው፣ ድንበር አለው፣ የገባበትን ያባርራል። የተባረረው ድንበሩን ካለፈ በኋላ ነገሩ ያበቃል፤ ማንም አይከተለውም። በመስታወት ገንዳ ውስጥ ግን የሚታለፍ ድንበር የለም። ደካማው ጥግ ላይ ይያዛል፣ ቀኑን ሙሉ ይነከሳል፣ በሁለት በሦስት ቀን ይሞታል። ልጁ «ተፋጁ» ያለው ይህንን ነው። ዓሣው ክፉ ሆኖ አይደለም፣ የሚሸሽበት ስላጣ ነው።

ስለዚህ ምቡና ማሳደግ የምትፈልጉ ሰዎች፣ እባካችሁ መጀመሪያ ገንዳውን አስቡ። ከሁለት መቶ ሊትር ያነሰ ገንዳ ለእነሱ ጠባብ ነው። ቁመቱ ሳይሆን ርዝመቱ ነው የሚጠቅማቸው። ሁለት መቶ ሊትር ውሃ ደግሞ ሁለት ኩንታል ይመዝናል፤ ድንጋዩና መስታወቱ ሳይቆጠር። የቴሌቪዥን ማስቀመጫ ላይ አይቀመጥም። ብየዳ ቤት ሄዳችሁ የብረት መቆሚያ አሠሩለት።

ድንጋይ እኛ አገር ሞልቷል። በባሕር ዳር ዙሪያ ያለው ጥቁር ድንጋይ በጣም ጥሩ ነው፤ እሳተ ገሞራ የሠራው ስለሆነ ውሃውን አይለውጥም። ስለት ያለውን ተዉት፣ የቀረውን በብሩሽ ፈትጋችሁ እጠቡት። ሳሙና ግን አይንካው። ዋሻ ዋሻ እንዲሆን፣ ዓሣው በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው እንዲወጣ አድርጋችሁ ከምሩት። አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ፤ ድንጋዩን አስቀድማችሁ ከታች መስታወቱ ላይ በስስ ስፖንጅ አስቀምጡና አሸዋውን ከዚያ በኋላ ጨምሩ። ምቡና አሸዋ ይቆፍራል። ድንጋዩ አሸዋ ላይ ከተቀመጠ ሥሩን ይቆፍረዋል፣ ድንጋዩ ይናዳል፣ ወይ ዓሣው ይጨፈለቃል ወይ መስታወቱ ይሰነጠቃል። እኔ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ትልቅ ድንጋይ ሌሊት ተንዶብኝ ሁለት ዓሣ ሞቶብኛል። ድምፁን አሁንም አልረሳውም።

የማላዊ ውሃ ኮምጣጣ አይደለም። ፒኤቹ፣ ማለትም የኮምጣጣነቱ መለኪያ፣ ከ7.7 እስከ 8.6 ይደርሳል፤ ቁጥሩ ዝቅ ባለ መጠን ውሃው ይኮመጥጣል። የቤታችሁን ውሃ በመለኪያ እዩት፣ ዝቅ ካለ የኖራ ድንጋይ ወይም የተፈጨ ዛጎል ፊልተሩ ውስጥ ማስገባት ከፍ ያደርገዋል። ሙቀቱ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ይሁን። «ባሕር ዳር ሞቃት ነው፣ ሂተር አያስፈልግም» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። የታኅሣሥንና የጥርን ሌሊት ረስቶት ነው። ሂተር ያስፈልጋል።

ገንዳ ሠርቶ በማግስቱ ዓሣ መጨመር ትልቁ ስህተት ነው። ከዓሣው ቆሻሻ አሞኒያ ይወጣል፤ አሞኒያ ይመርዛል፣ ፒኤቹ ከፍ ባለ ውሃ ውስጥ ደግሞ መርዝነቱ ይብሳል። እሱን የሚለውጡት ፊልተሩ ውስጥ የሚራቡ ባክቴሪያዎች ናቸው። እነሱ እስኪራቡ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። ታገሱ። ከዚያ በኋላም በየሳምንቱ ከውሃው ሩቡን ቀይሩ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው ከአንድ ቀን በፊት በባልዲ ሞልታችሁ ክፍቱን አሳድሩት። የፊልተሩን ስፖንጅ በቧንቧ ውሃ አትጠቡት፤ ባክቴሪያውን ትገድሉታላችሁ። ከገንዳው ባወጣችሁት ውሃ እጠቡት፣ ይበቃዋል።

ምግቡ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ምቡና አልጌ ፋቂ ነው፣ አንጀቱ ረጅም ነው። የተፈጨ ሥጋና የዳቦ ፍርፋሪ አይስማማውም። ልጁም ዳቦ ነበር የሚሰጣቸው። የማይሆን ምግብ ሲበዛበትና ሲጨነቅ ሆዱ ይነፋል፣ መብላት ያቆማል፣ ከኋላው ነጭ ክር የመሰለ ነገር ይንጠለጠላል። እዚያ ከደረሰ መትረፉ ያጠራጥራል። ስፒሩሊና የሚባለው አልጌ ያለበት ምግብ ካገኛችሁ እሱን ስጡ። ካላገኛችሁ ቆስጣ በፈላ ውሃ ነከር አድርጋችሁ፣ ወይም አተር ቀቅላችሁ ልጣጩን አውልቃችሁ ስጡ። ቢጫዎቹ ነፍሳትም ይለቃቅማሉ። የሚሰጠውም ትንሽ ትንሽ ይሁን፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሚያልቅ።

አንድ ወንድ ለሦስትና ለአራት ሴት ይሁን። ለጀማሪ ቢጫው ይሻላል፣ ከሌሎቹ ለዘብ ይላል። አውራተስን ለጀማሪ የሚሸጥ ሰው ለገዢውም ለዓሣውም አላሰበም።

አሁን ወደ መብራቱ ልምጣ። መብራት ይጠፋል፣ ሁላችንም እናውቀዋለን። ፓምፑ ሲቆም ዓሣው አየር ያጥረዋል፤ እዚህ ደግሞ ቶሎ ያጥረዋል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ነው። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ባሕር ጠረፍ ላይ ከሚይዘው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። የማላዊ ሐይቅ ከፍታ ግን 500 ሜትር እንኳን አይሞላም። ስለዚህ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ አየር መንፊያ ግዙ። ከሌላችሁ በጆግ እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሳችሁ አንቆርቁሩት። መብራት እስኪመጣ ምግብ አትስጡ። ሌሊት ከሆነ እኔ ገንዳውን በጋቢ እጠቀልለዋለሁ፤ ሙቀቱን ለጥቂት ሰዓት ይይዝለታል።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት በደንብ የተያዘ ዓሣ ወደ ሐይቅ ስለማይደፋ ነው። የሚደፋው የተጨናነቀውና የታመመው ነው። ጣና ውስጥ ሊገባ የማይገባው ደግሞ በተለይ የታመመው ነው።

«ትንሽ ዓሣ ምን ያደርጋል?» ልትሉ ትችላላችሁ። አንዳንዱ በቀናት ውስጥ ይሞታል፤ ብርዱ ወይም አምባዛው ይጨርሰዋል። ይህ ነፃ ማውጣት አይደለም። የተረፈው ደግሞ ከሩቅ አገር፣ ከብዙ ገንዳ ያለፈ በሽታና ጥገኛ ተውሳክ ይዞ ነው የሚገባው። ቆሮሶ ዘመዱ ነው፤ የዘመድ በሽታ ወደ ዘመድ ለመተላለፍ ይቀለዋል። ቆሮሶ ደግሞ የስንት ቤተሰብ እንጀራ ነው።

ሌላም አለ። ጣናን ከታች ካለው ዓባይ የሚለየው ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ነው። ከታች ያለ ዓሣ ያንን ገደል ወጥቶ አይመጣም። ስለዚህ ጣና ውስጥ ያሉት ነጭ ዓሣዎች፣ ላቢዮባርበስ የሚባሉት፣ ለብቻቸው ተለይተው ከአስራ አምስት በላይ ዝርያ ሆነዋል። ስምንቱ ዓሣ አዳኝ ናቸው። መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የሌለው የዓሣ ወገን ሆነው ሌላ ዓሣ አሳድደው ይውጣሉ! ክረምት ሲገባ አንዳንዶቹ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ ሽቅብ ወጥተው ይራባሉ። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ የዚህ ወገን ስብስብ አንድ ሌላ ቦታ ነበር፤ ፊሊፒንስ ውስጥ ያለው ላናኦ ሐይቅ። እዚያ ከውጭ የገቡ አዳኝ ዓሣዎችና ከልክ ያለፈ ማስገር አንድ ላይ ሆነው ጨረሷቸው። በ2020 እ.ኤ.አ. ሌላ ቦታ ከማይገኙት 17 የሐይቁ ዝርያዎች 15ቱ ጠፍተዋል ተብሎ ታወጀ። አሁን የቀረው የእኛ ብቻ ነው። ይህን ሳስብ እጄ ይንቀጠቀጣል።

ማላዊ ሐይቅ ውስጥ ራሱ የሆነውን ልንገራችሁ። በ1970ዎቹ ዓሣ ወደ ውጭ የሚልኩ ነጋዴዎች ከሐይቁ ሌላ ዳር ያመጧቸውን ምቡናዎች በደቡብ በኩል፣ ታምቢ ዌስት በምትባል ደሴት አጠገብ ለቀቋቸው። ያው ሐይቅ ነው፣ ያው ውሃ። ግን የተለቀቁት ተራቡ፣ ኪኖቲላፒያ አፍራ የሚባለው ከአካባቢው ዓሣ ጋር ተዳቀለ። አካባቢው በ1984 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበ ፓርክ ነው። የተለቀቀውን ግን መልሶ የሚለቅም ማንም የለም።

እኛም እምቦጭ አለብን። ከደቡብ አሜሪካ የመጣ፣ አበባው የሚያምር ተክል ነው፤ በዓለም ላይ እንዲሰራጭ ያደረገውም ማማሩ ነው። ጣና ላይ መታየቱ ከተነገረበት ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የደንቢያና የፎገራ ገበሬ በእጁ እየነቀለ፣ ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ እየጎተተ ስንት ዘመቻ አለፈ። እምቦጭ ቢያንስ ይታያል፣ ይነቀላል። ዓሣ ከገባ በምን ይነቀላል?

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ዓሣ የምትሸጡ ወንድሞችና እህቶች፣ ስትሸጡ ገንዳውን ጠይቁ፤ የማይፈልገውን ሰው ዓሣም መልሳችሁ ተቀበሉ፣ ለሌላ ትሸጡታላችሁ። በከተማችን የዓሣ ምርምር የሚሠሩ ባለሙያዎች አሉ፣ ዩኒቨርሲቲም አለ፤ ሰው የማይፈልገውን ዓሣ አምጥቶ የሚያስረክብበት አንድ ገንዳ ቢያዘጋጁ ትልቅ ነገር ነው። ትምህርት ቤቶችም መውሰድ ይችላሉ፣ ልጆች ይማሩበታል። የገንዳውን ውሃም ቢሆን ወደ ሐይቁ ወይም ወደ ቦይ አትድፉት። አትክልት አጠጡበት፤ ለጎመን እንደ ፍግ ነው። እናንተም አዘጋጆች፣ ባለሙያ አነጋግራችሁ ስለዚህ ነገር አንድ ገጽ ብትሠሩ ብዙ ሰው ያነበዋል።

ልጁ በየሁለት ቀኑ ቤቴ እየመጣ ዓሣዎቹን ያያል። ጥቁሩንና ወርቃማዋን ሌላ ገንዳ ውስጥ ለይቻቸዋለሁ። ቢጫዎቹ አሁን ሰላም ናቸው። ልጁ ከአጎቱ ጋር ሆኖ ገንዳ እያሠራ ነው፣ ባለፈው ቅዳሜ ድንጋይ አብረን ለቅመናል።

ትናንት ሲመጣ «ጋሼ፣ ይቺ አልበላም አለች፣ ታማለች መሰለኝ» ብሎ ደነገጠ። ጭራዋ የተበላችው ናት። አጠገቧ ቁጢጥ ብለን አየናት። ጭራዋ ዳር ላይ አዲስ፣ እንደ ላስቲክ የሚያሳይ ስስ ነገር እየበቀለ ነው። ጉንጯ ወደ ታች ወረድ ብሎ አብጧል፣ አፏን ግጥም አድርጋ ዘግታለች፣ አልፎ አልፎ እንደሚያኝክ ሰው ታገላብጠዋለች። መቼ እንደጀመረች አይቻለሁ። ቢጫው ወንድ አሸዋው ላይ እየተንቀጠቀጠ ሲዞራት፣ እሷ አንድ ሁለት እንቁላል ጥላ ወዲያው ዞራ ስትለቅም፣ ከዚያም በወንዱ የኋላ ክንፍ ላይ ያለውን እንቁላል የመሰለ ነጥብ ልትለቅም ስትጠጋ። እንቁላሉ የሚዳብረው ያን ጊዜ ነው፣ አፏ ውስጥ።

ሦስት ሳምንት ያህል ምንም ሳትበላ ትይዛቸዋለች። ዛሬ ዘጠነኛ ቀኗ ነው። ልጁ ስንት ሊሆኑ እንደሚችሉ ጠየቀኝ፤ ከአስር እስከ ሠላሳ አልኩት። ገንዳው እስኪደርስ ድረስ እኔ ጋ ይቆያሉ።

የጋዜጣችሁ አንባቢ
ከባሕር ዳር